ከወሊድ ጉዳት በኋላ «ሲፒ» ለተባለ ልጅ፦ ወረቀቱ፣ ክሱና የዕለት እንክብካቤው

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (ሲፒ) ግን በዚህ አቆጣጠር አይገለጥም። ልጁ ታፍኖ ይወለዳል፣ ኒኩ (የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል) ይገባል፣ «ደህና ነው፣ ውሰዱት» ተብሎ ይወጣል። አንገቱ ሳይጸና 5 ወር ይሞላዋል። ጎረቤት «አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው» ይላል፣ ጤና ጣቢያው «ትንሽ ጠብቁ» ይላል። ሲፒ የሚለው ቃል ካርድ ላይ ሲጻፍ ዓመት ተኩል አልፏል። በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር ስንሠራ ደጋግመን የምናየው ይህን ነው። ስለዚህ ወሊዱ አስቸጋሪ ከነበረና ልጁ አየር አጥሮት ከነበረ፣ ለመክሰስ ሐሳቡ ባይኖራችሁም ወረቀቱን ከዛሬ ጀምራችሁ ሰብስቡ። ወረቀቱ ለሐኪሙም ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ሲፒ ያለበት ልጅ ሁሉ በሐኪም ጥፋት የተጎዳ አይደለም። ሲፒ ማለት ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ የደረሰ ጉዳት በእንቅስቃሴና በሰውነት አቋም ላይ የሚተወው ችግር ነው። ያለ ጊዜው መወለድ ያመጣዋል፤ በእርግዝና ወቅት የያዘ ኢንፌክሽን፣ ከተወለደ በኋላ የያዘ ማጅራት ገትር፣ የአንጎል አፈጣጠር ችግርም ያመጡታል። አንድ ጎኑ ብቻ የሰነፈ ልጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ በአንጎል ደም ሥር መዘጋት የመጣ እንጂ በምጥ ወቅት በመታፈን የመጣ አይደለም። በምጥ ጊዜ ከደረሰ መታፈን ጋር ይበልጥ የሚያያዘው አራቱም እጅና እግር የሚገተሩበት ዓይነትና እጅ፣ ፊትና አንገት ያለ ፈቃድ የሚጠማዘዙበት ዓይነት ነው።

ባለሙያዎች መታፈኑ በምጥ ጊዜ ስለመድረሱ ሲመረምሩ የሚያዩአቸው ምልክቶች አሉ፦ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ አፕጋር (ልጁ እንደተወለደ ስላለበት ሁኔታ ከ10 የሚሰጠው ነጥብ) ከ5 በታች መሆኑ፣ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ማንቀጥቀጥ መጀመሩ ወይም ጡት መሳብ አለመቻሉ፣ ኩላሊትና ጉበትም አብረው መጎዳታቸው፣ ኤም አር አይ (የአንጎል ምስል ምርመራ) ላይ ጉዳቱ በአንጎል ጥልቅ ክፍል መታየቱ። የእትብት ደም አሲድነት ምርመራም አለ፤ ፒ ኤች ከ7.0 በታች ከሆነ ትልቅ ማስረጃ ነው፣ ግን በአብዛኛው ተቋሞቻችን አይሠራም። ባለመሠራቱ ተስፋ አትቁረጡ፣ ሌላው ወረቀት ይናገራል።

ስለ ቢጫነት ለብቻው ማንሳት አለብን፣ ምክንያቱም መከላከል እየተቻለ ልጆች የሚጎዱበት መንገድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ የሆነ ልጅ በዚያው ቀን የቢሊሩቢን (ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ፀሐይ ማሞቅ ሕክምናው አይደለም፤ ሕክምናው የብርሃን ሕክምና፣ ካልበቃም ደም መቀየር ነው። በቢጫነት የተጎዳ ልጅ ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ ይጠማዘዛል፣ መስማትም ይቸግረዋል። እናቲቱ የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ወይም ኦ ከሆነ፣ ልጇ ቢጫ ሆኖ ሳለ ሳይመረመር «ፀሐይ ላይ አውጪው» ተብላ ከተሸኘች፣ ይህ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ሁለት ካርድ አለ፣ የእናትና የልጅ። ብዙ ቤተሰብ የልጁን ብቻ ይጠይቅና የጉዳዩ ልብ የሆነው የእናቲቱ ካርድ ይቀራል። የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው፦ የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ሰንጠረዥ)፣ የምጥ መርፌ ተሰጥቶ ከሆነ የትእዛዙና የመጠኑ ወረቀት፣ የሪፈር ወረቀት፣ ኦፕራሲዮን ከሆነ የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ፣ ልጁ እንደተወለደ የተሞላው ቅጽ፣ የኒኩ ክትትል ወረቀት፣ የመውጫ ማጠቃለያ። የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱንም አትርሱ። ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ በወረዳው አስመዝግባችሁ ምስክር ወረቀት ካወጣችሁ፣ ካርድ ክፍልም ፍርድ ቤትም ወላጅነታችሁን የምታሳዩበት ሰነድ ነው።

በቃል መጠየቅ አይበቃም። ለተቋሙ ሜዲካል ዳይሬክተር እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«እኔ የሕፃን ______ እናት/አባት ስሆን ልጄ በ______ ቀን በተቋማችሁ ተወልዷል። የእናት ካርድ ቁጥር ______፣ የልጅ ካርድ ቁጥር ______ ነው። ለልጄ ቀጣይ ሕክምና ስለሚያስፈልገኝ የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ ፓርቶግራፍ፣ የምጥና የወሊድ ማስታወሻ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የጨቅላ ሕፃን ክትትል ወረቀትና የመውጫ ማጠቃለያ ሙሉ ቅጂ፣ ገጹ ተቆጥሮና ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ አዘጋጁት። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። በኋላ «ማንም አልጠየቀንም» እንዳይባል የሚያደርገው ይህ ማኅተም ነው። እምቢ ካሉ ወይም «ካርዱ ጠፍቷል» ካሉ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ክሱ ሲከፈት ሰነዱን በማስረጃ ዝርዝራችሁ ላይ ጠቅሳችሁ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ ተቋሙን እንዲያስቀርብ ማመልከት ይቻላል። ዋናው ወረቀት በእጃችሁ ካለ ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ ይበቃል። የክትትል ካርዱን ሁለቱንም ገጽ በስልክ አንሱት። ወሊድ ክፍል ሄዶ መጮህና አዋላጅዋን ማስፈራራት ግን የሚጎዳው እናንተን ነው፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል።

ፓርቶግራፉን እንዴት እንደምታነቡት እናሳያችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚያ አንድ ገጽ ላይ ያልቃል። ከላይ የፅንሱ የልብ ምት አለ፣ በየ30 ደቂቃው ነጥብ ይደረግበታል፤ ጤነኛው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። ከሥሩ የእንሽርት ውሃው ሁኔታ ይጻፋል፤ «ኤም» የሚለው ፊደል ልጁ በማህፀን ውስጥ ካካ ማለቱን ያመለክታል። መሐል ላይ የማህፀን በር አከፋፈት አለ። ሁለት ሰያፍ መስመሮች ታያላችሁ። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ መስመር ነው፣ በሰዓት 1 ሴንቲሜትር ይጨምራል። ሁለተኛው ከእሱ በ4 ሰዓት ወደ ቀኝ የሚርቀው የእርምጃ መስመር ነው። ምልክቱ የመጀመሪያውን ሲያልፍ፣ ኦፕራሲዮን በማይሠራበት ጤና ጣቢያ ያለች እናት ወደ ሆስፒታል ስለመላኳ መወሰን አለበት። በአዲሱ የዓለም ጤና ድርጅት ቅጽ እነዚህ መስመሮች የሉም፣ የልብ ምቱ ግን በዚያም ይመዘገባል።

እንግዲህ የምትፈልጉት ክፍተት ነው። ከ4 ሰዓት ሌሊት እስከ 9 ሰዓት ሌሊት አንድም የልብ ምት ነጥብ ከሌለ፣ 5 ሰዓት ሙሉ ማንም አላዳመጠም ወይም ያዳመጠው አልጻፈም። የምጥ መርፌ ተሰጥቶ ቁርጠቱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ እየመጣ ጠብታው ካልተቀነሰ፣ ያ ልጁን አየር ያሳጣዋል። በተቃራኒው ሁሉም ነጥብ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ርቀት፣ ሁሉም 140 ሆኖ ከተሞላና ልጁ ግን ሰማያዊ ሆኖ ከተወለደ፣ ለሚመረምረው ባለሙያ ይህንን አሳዩት። ጥፋት ነው ብላችሁ ራሳችሁ አትደምድሙ።

ሰዓትን በሚመለከት ብዙ ፋይል ይበላሻል። በአንዱ ወረቀት 8:00 የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ በሌላው ተቋም ወረቀት ያው ቅጽበት 2:00 ተብሎ ይገኛል። የ6 ሰዓቱን ልዩነት ሳታስተካክሉ ብትደምሩት ሪፈሩ 6 ሰዓት የዘገየ ይመስላል፣ ወይም የዘገየው ያልዘገየ ይመስላል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ደግሞ አንዱ ቀኑን ይቀይራል፣ ሌላው እስኪነጋ አይቀይርም። አንድ ባዶ ወረቀት ወስዳችሁ ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር መልሱና በቅደም ተከተል ጻፉ፦ ምጥ የጀመረበት፣ ጤና ጣቢያ የደረሱበት፣ ሪፈር የተወሰነበት፣ አምቡላንስ የተጠራበት፣ የወጣበት፣ ሆስፒታል የገቡበት፣ ኦፕራሲዮን የተወሰነበት፣ የተጀመረበት፣ ልጁ የተወለደበት፣ አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ አየር መስጫ) የተደረገለት፣ የመጀመሪያው ማንቀጥቀጥ። ከየትኛው ወረቀት እንዳገኛችሁት ጎኑ ላይ ጥቀሱ። የስልካችሁ የጥሪ መዝገብ አምቡላንስ የተጠራበትን ሰዓት ያሳያል፤ ስልኩን ከመቀየራችሁ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። አምቡላንሱም የመውጫና የመድረሻ ሰዓት የሚመዘገብበት ደብተር ካለው እሱም ይጠየቃል።

ከከተማው ዳር ስትኖሩ ሌላ ጣጣ አለ። ምጡ ሸገር ከተማ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ይጀምርና ወሊዱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ይሆናል። ሁለቱ የተለያየ አስተዳደር ናቸው። ስለ ባለሙያዎቹ አቤቱታ የሚቀርበው ተቋሙ አዲስ አበባ ከሆነ ለከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ሸገር ከሆነ በኦሮሚያ ጤና ቢሮ በኩል ነው። የክሱም ፍርድ ቤት እንደዚያው ይለያያል፦ አዲስ አበባ ለደረሰ ጉዳት የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ኦሮሚያ ለደረሰ የክልሉ ፍርድ ቤት። ቋንቋውም እንዲሁ ነው። የሕክምና ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አማርኛ፣ የኦሮሚያ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ለትርጉም ገንዘብና ጊዜ ያዙ። ጠበቃ ስትይዙ ፈቃዱ ጉዳዩ በሚታይበት ፍርድ ቤት የሚያሠራው መሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ፣ ክፍያውንም በጽሑፍ ተዋዋሉ።

አቤቱታና ክስ የሚቀርብባቸው ሦስቱ መንገዶች የሚሰጡት የተለያየ ነው፣ ሰዎች ግን ያምታቱታል። የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥፋት መኖሩን መርምሮ ማስጠንቀቂያ ወይም የፈቃድ እገዳ ዓይነት እርምጃ እንዲወሰድ ያደርጋል፤ ካሳ አይወስንም። ሆኖም ፖሊስም ፍርድ ቤትም የሙያ አስተያየት የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ እሱን ስለሆነ፣ ለኮሚቴው የምታስገቡት ፋይል የተሟላ ይሁን። የወንጀል አቤቱታ ለፖሊስ ነው የሚቀርበው፤ በቸልተኝነት አካል መጉዳት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 559 ሥር ይወድቃል፣ ሙያዊ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱ ይከብዳል። ካሳ የሚገኘው በፍትሐ ብሔር ክስ ነው።

እዚያ ሦስት ነገር ማስረዳት የእናንተ ሸክም ነው፦ ጥፋት፣ ጉዳት፣ የሁለቱ መያያዝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ተጠያቂ የሚሆነው በማያከራክሩት የሙያው ደንቦች ሲለካ ግዴታውን አለማወቁ ወይም ቸልታው ግልጽ ከሆነ ነው። ስለዚህ «ልጄ ተጎድቷል» አይበቃም፤ «በዚህ ሰዓት ይህ መደረግ ነበረበት፣ አልተደረገም» የሚል ባለሙያ ያስፈልጋል። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ስለ ምጡ፣ የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ስለ ልጁ። የሚከሰሰው ብዙ ጊዜ ተቋሙ ነው፦ የግል ሆስፒታል በቁጥር 2651 ሠራተኞቹ ላጠፉት ይጠየቃል፣ ለመንግሥት ተቋም ቁጥር 2126 አለ።

2 ዓመቱ ያለፈባችሁ ወረቀቱን አትጣሉት። ከግል ሆስፒታል ጋር የነበረው ግንኙነት ውል ነው ከተባለ የውል ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) በቁጥር 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከረዘመ ደግሞ ቁጥር 2143 ራሱ ረጅሙን ይቀበላል። ሁለቱም አከራካሪ ስለሆኑ ጊዜ ያላችሁ በእነሱ ተማምናችሁ አትቆዩ።

ስለ ገንዘቡ። የሕሊና ጉዳት ካሳ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። ስታነቡት ያማል፣ እኛንም ያመናል፤ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አልተለወጠም። ስለዚህ ክሱ መቆም ያለበት በተጨባጭ ወጪና በወደፊት ወጪ ላይ ነው፤ ቁጥር 2092 መድረሱ የማይቀር የወደፊት ጉዳት ሳይጠበቅ እንዲካስ ይፈቅዳል። የፊዚዮቴራፒ፣ የመድኃኒት፣ የዳይፐር፣ የኤም አር አይ፣ የዊልቸር ደረሰኝ በሙሉ ይቀመጥ። እናት ሥራ ትታ ከሆነ የቀድሞ ደመወዟ ማስረጃ ይያዝ። ለታክሲና ለባጃጅ ደረሰኝ ስለሌለ ቀኑን፣ መነሻና መድረሻውን፣ የከፈላችሁትን በደብተር ጻፉ፤ የቀጠሮ ካርዱ ያረጋግጠዋል። መጠኑን በትክክል ማስላት ካልተቻለ ዳኛው በቁጥር 2102 በርትዕ (በፍትሐዊ ግምት) ይወስናል፣ ግን ርትዕም መነሻ ይፈልጋል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማትችሉ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቱ። ሽማግሌ ገብቶ ገንዘብ ቢቀርብላችሁ ጠበቃ ሳያነበው አትፈርሙ፤ እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጠረው፣ የልጁ ወጪ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ አይጠብቅም። የአንጎሉ ጉዳት ራሱ አይባባስም፤ ጡንቻው፣ መገጣጠሚያውና ሳንባው ግን ካልተያዙ ይባባሳሉ። በ4 ወሩ አንገቱ ያልጸና፣ እጁን ጨብጦ የማይፈታ፣ ሲያነሱት እግሮቹ እንደ መቀስ የሚጣመሩ፣ ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚጠቀም ልጅ ምርመራ ይፈልጋል፤ ፊዚዮቴራፒውም የበሽታው ስም እስኪጻፍ አይቆይ። ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ነርቭ ክትትል አለ። በምዕራብ በኩል ላላችሁ መናገሻ ያለው ቼሻየር ኢትዮጵያ ተሐድሶ ይሰጣል። ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና ኪዩር ሆስፒታል ይታወቃል።

ከሁሉ በፊት ግን አመጋገቡ። እነዚህን ልጆች ሆስፒታል የሚመላልሳቸው ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች ነው፣ ምቹ ደግሞ ከማንኪያው ይመጣል። ልጁን ጭን ላይ አንጋሎ መጋት ይቅር። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሲወድቅ የአየር ቧንቧው ይከፈትና አጥሚቱ ወደ ሳንባ ይገባል። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ጭንቅላቱ መሐል ላይ፣ አገጩ በትንሹ ወደ ደረቱ ያዘነበለ ይሁን። እናንተ ፊት ለፊቱ፣ ከዓይኑ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ማንኪያ ከላይ ከመጣ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል። ጠፍጣፋ ትንሽ ማንኪያ፣ ግማሽ ብቻ የሞላ፣ ምላሱ መሐል ላይ በቀስታ ጫን አድርጉና ከንፈሩ እስኪዘጋ ጠብቁ። በላይኛው ጥርስ ላይ ፍቃችሁ አታውጡት። እስኪውጥ ሁለተኛውን አታስከትሉ። ቀጭን ነገር፣ ውሃና ሻይ፣ ከወፍራሙ ይልቅ ያንቀዋል፤ አጥሚቱን ወፈር አድርጉት። ሲበላ ካሳለ፣ ዓይኑ ካነባ፣ ድምፁ እርጥብ ሆኖ ከተንኮረኮረ አቁሙ፣ ለሐኪሙም ይህንን ንገሩ። አንድ ምግብ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፤ ከበላ በኋላም ለ30 ደቂቃ ሳይተኛ ይቆይ።

ወንበር የሰፈር አናጺ በኮምፖርሳቶ ይሠራዋል፣ ልኩን ግን እናንተ ስጡት። ከመቀመጫው ኋላ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ ለኩና 2 ሴንቲሜትር ቀንሱ፣ ያ የመቀመጫው ጥልቀት ነው። ከጉልበት መታጠፊያ እስከ ተረከዝ፣ ያ ቁመቱ ነው። ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ ይታጠፉ። በጉልበቶቹ መሐል ስፖንጅ የተጠቀለለ እንጨት ይግባ። ቀበቶው ሆዱ ላይ ሳይሆን ዳሌው ላይ ይለፍ፣ አለዚያ ልጁ ይንሸራተታል። ጠረጴዛው በክርኑ ልክ ይሁን። ማዘልም ጥሩ ነው፣ እግሮቹን ያለያያል፤ አንገቱ እስኪጸና ግን ጭንቅላቱ መደገፍ አለበት።

የሚጥል በሽታ ካለው መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ አይቋረጥ፤ ድንገት ማቆም የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ጸበል ለመሄድ መድኃኒት ማቆም አያስፈልግም፣ ይዛችሁት ሂዱ፣ ለሚቆይባቸው ቀናት የሚበቃውን ቆጥራችሁ ያዙ።

መራመድ ለማይችል ልጅ 2 ዓመት ሳይሞላው የዳሌ ራጅ አስነሱ፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚወስነው ልክ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ይደገም። የዳሌ አጥንት ከቦታው የሚወጣው ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ ላይም ያለ ሕመም ነው። ልጁ ዳይፐር ሲቀየርለት ማልቀስ ከጀመረ ወይም አንዱ እግሩ አልከፈት ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። ፊልሙን ካርድ ክፍል ትታችሁ አትውጡ። ሐኪሙ የሚያወዳድረው ካለፈው ዓመት ፊልም ጋር ነው፣ ፍርድ ቤትም ጉዳቱ እንዴት እንደሄደ የሚያየው በእሱ ነው።